የወጌሻው ሳጥን፦ «ወንድሜ ይፈርም ወይስ አይፈርም?»

በዚህ ወር የደብዳቤ ሳጥኔ በጉልበት ጉዳት ተሞልታለች። ደብዳቤው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ተጎዳ ተጫዋችና ስለ ውሉ ነው። አንዱ ከወልዲያ፣ አንዷ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሐርቡ። የጻፋችሁልኝ እኮ ተመካክራችሁ ነው የሚመስለው።

ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ጠበቃ አይደለሁም። ሃያ ዓመት ያህል በወሎ ሜዳዎች ላይ ሳጥን ተሸክሜ የሮጥኩ ወጌሻ ነኝ። ማሸት የተማርኩት ከአባቴ ነው፤ ፊዚዮቴራፒ በኋላ ነው የመጣው። ስለ ውል የማውቀው በመጽሐፍ ሳይሆን ልጆቹ ሲጎዱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ካየሁት ነው። ደንቡን ማንበብ የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። ቀደም ብዬ ባነበው ኖሮ ብዬ የምቆጭበት ነገር አለኝ፤ እሱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

*

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ወንድሜ የመስመር አጥቂ ነው። ስሙን ብጽፈው ያውቁታልና ልተወው። ኅዳር ላይ በጨዋታ መሃል ማንም ሳይነካው፣ ዞር ሲል ጉልበቱ ቋ አለ። ኤም አር አይ ሲነሳ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል ተባለ። ጥር ላይ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ክለቡ ግማሹን ከፈለ። ግማሹን አባቴ በሬ ሸጦ ሞላው። ደመወዙ በወር 40,000 ብር ነው፤ የጥርና የየካቲት አልገባለትም። ውሉ ሰኔ 30 ያልቃል። ባለፈው ሳምንት የቡድን መሪው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ቡና ጠጣ፣ ተጫወተ። ሊወጣ ሲል ከኪሱ ወረቀት አወጣ። «በስምምነት ተለያይተናል» ይላል። ከፈረመ 80,000 ብር ወዲያው ይሰጡታል። «ሲሻልህ በሩ ክፍት ነው» ብሎታል። ወንድሜ ሊፈርም ነው። «ሳልጫወት ደመወዝ መብላት ያሳፍረኛል» ይላል። እናቴም «በእጅ የገባውን ይያዝ» ትላለች። ይፈርም ወይስ አይፈርም?
— የተጫዋች እህት፣ ከኮምቦልቻ

አይፈርም።

እህቴ፣ ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ባይኖርሽ ይህችን አንዲት ቃል ሮጠሽ አድርሺለት። ከዚያ ተመልሰሽ ቁጭ በይና አብረን ሒሳብ እንሥራ።

የጥርና የየካቲት ደመወዝ ተደምሮ 80,000 ብር ነው። ይህ ወንድምሽ ቀድሞ ሊከፈለው የሚገባ የራሱ ገንዘብ ነው። የቡድን መሪው «እሰጥሃለሁ» ያለውም 80,000 ነው። እንግዲህ ምን ሰጠው? ዕዳውን ሊከፍለው ነው እንጂ የሰጠው ነገር የለም። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ደግሞ አራት ወር ይቀራል። አራት ጊዜ 40,000፣ 160,000 ብር። ወረቀቱ ላይ ከፈረመ ይህ ይቀርበታል። ለአንድ ፌስታል ብርቱካን 160,000 ብር የከፈለ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። ወንድምሽ የመጀመሪያው እንዲሆን አልፈልግም።

አሁን ወደ ደንቡ። የፊፋ የተጫዋቾች ደንብ እንደሚለው በባለሙያ ተጫዋችና በክለብ መካከል ያለ ውል የሚያልቀው ጊዜው ሲደርስ ወይም ሁለቱ ሲስማሙ ነው። ከዚህ ውጭ ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። ጉዳት በቂ ምክንያት አይደለም። በዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ዳኝነት ይህ ደጋግሞ የተወሰነ ነገር ነው። ተጫዋች ታመመ፣ ተሰበረ ተብሎ ደመወዙ አይቆምም፤ ውሉም አይቀደድም። በዚያ ላይ ደንቡ በውድድር ዘመን መሃል አንዱ ወገን ብቻውን ውል እንዳያቋርጥ ይከለክላል። ክለቡ ይህን ስለሚያውቅ ነው ወረቀቱ ላይ «አሰናብተንሃል» ብሎ ያልጻፈው። «በስምምነት» የምትለዋን ቃል ያመጣት እሱ ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ወንድምሽ እንዲያደርግለት ነው።

ሐፍረቱን በተመለከተ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ገባኝ። የወሎ ልጅ ሲያፍር አውቃለሁ። ግን ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። አንድ ሠራተኛ እጁ ማሽን ውስጥ ቢገባ «ሳልሠራ ደመወዝ መብላት ያሳፍረኛል» ይላል? የሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው ምን እንደሚል ልንገርሽ። መጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ። በቀሪው ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሕክምናውንም ወጪ አሠሪው ይችላል። ክለቦች «የእኛ ነገር በእግር ኳስ ደንብ ነው የሚታየው» ማለት ይወዳሉ። ይበሉ። የእግር ኳሱ ደንብ ለወንድምሽ ከዚህ የተሻለ እንጂ የከፋ አይደለም፣ ውሉ እስኪያልቅ ሙሉ ደመወዝ ነው። ለድርድር ስትቀመጡ ግን ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አድርጓቸው። ወንድምሽ ጉልበቱን የበጠሰው ሰርግ ላይ ሲጨፍር አይደለም። የክለቡን ማልያ ለብሶ ነው።

ቅድም የምቆጭበት ነገር አለ ብያችሁ ነበር።

ከዓመታት በፊት ነው። የክለቡን ስም አልናገርም፣ ዛሬ እዚያ ያሉት ሰዎች ሌሎች ናቸው። አንድ ተከላካይ ነበረን፤ ረጅም፣ ዝምተኛ። በዝናብ ቀን ቅልጥሙ ተሰበረ። ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «አንተን ይወድሃል፣ ይህን አስፈርመህ አምጣ» አለኝ። ወረቀቱን አላነበብኩትም። ሙዝ ገዝቼ ሄድኩ። ልጁ አልጋ ላይ ነበር። የሚጽፍበት ጠረጴዛ ስላልነበረ ወረቀቱን ጀሶው ላይ ዘረጋውና ፈረመ። ጀሶው ሸካራ ስለሆነ ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። «ጋሼ፣ ምን ማለት ነው ይኼ?» አለኝ። «የሕክምናህ ጉዳይ ነው መሰለኝ» አልኩት። መሰለኝ!

ከዚያ በኋላ ክለቡ አንድም ብር አልሰጠውም። ዛሬ ደሴ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ከፒያሳ ሽቅብ ስወጣ አንዳንዴ የሱ ባጃጅ ይገጥመኛል። ሒሳብ አይቀበለኝም። ብሩን ሳወጣ «ተው ጋሼ» ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ ብርቱካን ይዞ የመጣውን ሰው ክፉ ነው አልልሽም። ምናልባት እሱም እንደ እኔ ተልኮ ነው። ወረቀቱን ግን አትመኚው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ የቀን መቁጠሪያው። ወንድምሽ ሁለት ቀን መቁጠሪያ አለው። አንዱ የውሉ ነው፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሌላው የጉልበቱ ነው። የዚህ ጅማት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ውድድር ባይመለስ ይመረጣል። ቸኩለው የሚመለሱት ደግመው የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ከጥር ዘጠኝ ወር ስትቆጥሪ ጥቅምት ላይ ትደርሻለሽ፣ ጳጉሜን ሳንቆጥር። ስለዚህ ውሉ የሚያልቀው ጉልበቱ ሳይድን ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ክለብ የሌለበት ጊዜ ነው። ፊዚዮቴራፒውን ማን ይከፍላል? የሚለማመደው የት ነው? ልጆቹ የሚጠፉት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ሲቸግራቸው በስድስተኛው ወር «ድኛለሁ» ብለው ለሙከራ ይሄዳሉ፤ ያው ጉልበት እንደገና ይሄዳል። ዘጠኙ ወር ደግሞ ብቻውን አይበቃም። የተጎዳው እግር የጭኑ ጥንካሬ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። ይህ በመሣሪያ ይለካል እንጂ በ«ደህና ነኝ» አይለካም።

እንግዲህ መደራደር ካለባችሁ ስለዚህ ክፍተት ተደራደሩ። የአራቱ ወር ደመወዝ የራሱ ነው፤ እሱ ላይ ድርድር የለም። «ሲሻልህ በሩ ክፍት ነው» ያሉትን በጽሑፍ ያድርጉት። ለምሳሌ ለአንድ ዓመት ያድሱለት፤ መነሻ ደመወዙ ዝቅ ይበል፣ በተጫወተ ቁጥር ይጨመርለት፣ ሕክምናውን እስኪመለስ ክለቡ ይቻል። ለክለቡም ይህ ይቀለዋል። እምቢ ካሉ ደግሞ በሩ ክፍት አልነበረም ማለት ነው። እሱንም ማወቅ ጥሩ ነው።

ያልተከፈለውን በተመለከተ ዛሬውኑ ደብዳቤ ጻፉ። የፊፋ ደንብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ በጽሑፍ አሳውቆ፣ ቢያንስ የ15 ቀን ጊዜ ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አለው ይላል። ቀኑን ቁጠሩ እንጂ ለማቋረጥ አትቸኩሉ። የተጎዳ ሰው ክለብ አልባ መሆን የለበትም። ደብዳቤው መቀስቀሻ ነው። ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ማኅተም አድርገው ይመልሱላችሁ። ማኅተም አንመታም ካሉ በፖስታ በአደራ ላኩት። አባትሽ የከፈሉበትን ደረሰኝ፣ የኤም አር አዩን ውጤት፣ የሐኪሙን ወረቀት አንድ ፌስታል ውስጥ አድርጊና ከፍራሽ ሥር አስቀምጪ። አገር ውስጥ ያለ ክለብና ያገር ልጅ ሲጣሉ ጉዳዩ የሚሄደው መጀመሪያ ወደ ፌዴሬሽኑ ነው፣ ፊፋ ጋ አይደለም። እዚያ ሲደረስ የሚናገረው ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ልጆች የማያውቁት። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል። ወንድምሽ ከጥር ጀምሮ እዚያ ውስጥ ነው። መልቀቂያ ለምኖ አይደለም፤ ሰኔ 30 ካለፈ በነፃ ይሄዳል። ስለዚህ «ካልፈረምክ መልቀቂያ አንሰጥህም» ካሉት ፈገግ ይበልና ቡና ይድገማቸው።

ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። «በእጅ የገባውን ይያዝ» ማለታቸው ከልብ ነው፣ ብዙ አይተዋል። ግን በእጁ የገባው ብርቱካን ብቻ ነው በያቸው። አብሽሪ።

*

የክለባችን ኮከብ ተጎድቷል፤ ውሉም ሊያልቅ ነው። እኔ «ይታደስለት» እላለሁ። ጓደኞቼ «ኔይማር ሂላልን ምን አደረገው?» እያሉ ያበሽቁኛል። በስታዲየማችን በር ላይ ልንደባደብ ደርሰናል። ዳኝነት ይስጡን።
— ደጋፊ፣ ከወልዲያ

ያንን የመሰለ ስታዲየም በር ላይ አትደባደቡ እንጂ! ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ሜዳ እንዲኖር ስንት ዓመት ስንመኝ ኖረን ነው። እኔ በአቧራ ላይ ስሮጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ በ2009 ሲመረቅ ሣሩን አይቼ ዕንባዬ መጥቷል።

ጓደኞችህ ስለ ኔይማር ያሉት እውነት ነው። የሳዑዲው ክለብ አል ሂላል በነሐሴ 2023 በ90 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛው (እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ጥቅምት ላይ ለብራዚል ከኡራጓይ ጋር ሲጫወት ሞንቴቪዲዮ ላይ ጉልበቱ ተበጠሰ። የኮምቦልቻው ልጅ የተበጠሰበት ያው ጅማት ነው። ዓመት ሙሉ ጠፋ። በጠቅላላው 7 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ በጥር 2025 በስምምነት ተለያዩ፤ ወደ ሳንቶስ ተመለሰ።

አንተ ደግሞ ስዊድናዊውን አጥቂ ዝላታንን ጥራባቸው። በሚያዝያ 2017 ማንቸስተር ዩናይትድ ከአንደርሌክት ሲጫወት ጉልበቱ ሄደ። ዕድሜው 35 ነበር። ሰኔ ላይ ውሉ አለቀ፤ ክለቡ አላደሰለትም፣ ተሰናበተ። ግን እዚያው ማገገሙን ቀጠለና ነሐሴ ላይ ለአንድ ዓመት እንደገና ፈረመ። ኅዳር ላይ ሜዳ ገባ። በሩ ክፍት ነው ማለት ይኼ ነው። ስፔናዊው አማካይ ካዞርላም አለልህ። አርሰናል እያለ ጥቅምት 2016 ላይ ከቆመ በኋላ ክለቡ በጉዳት ላይ እያለ ውሉን በአንድ ዓመት አራዘመለት። ቁስሉ ተመርዞ ከተረከዙ ጅማት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል በልቶበት ነበር። ሐኪሙ «ከልጅህ ጋር ግቢ ውስጥ መራመድ ከቻልክ ተመስገን በል» አለው። ክንዱ ላይ የልጁን ስም ተነቅሶ ነበር፤ ከዚያ ቆዳ ቆርጠው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ለጠፉለት። ለአርሰናል ዳግመኛ አልተጫወተም። በ2018 ወደ ቪያሪያል ሄደ፣ በ2019 የስፔንን ማልያ መልሶ ለበሰ። ይህን ታሪክ ለስንት ልጅ ነግሬዋለሁ መሰለህ።

ዳኝነቱ እንግዲህ። የተጎዳ ኮከብ ውል የሚታደሰው በፍቅር ብቻ ከሆነ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ጅማቱ ስንተኛ ጊዜው ነው? ልጁ በማገገሚያው ላይ ይተጋል ወይስ ጫት ቤት ነው የሚውለው? አዲሱ ውል በተጫወተ ልክ የሚከፍል ነው ወይስ በስሙ ልክ? የመጀመሪያ ጉዳቱ ከሆነ፣ ትጉህ ከሆነ፣ ውሉም በልኩ ከተሠራ እኔ ካንተ ጋር ነኝ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከሌሎቹ ይከብዳል። ብዙ ጉልበት አይቻለሁ፤ ሰነፍ ጉልበት አይድንም።

በስምምነት መለያየት ሁልጊዜ መጥፎ ነው እንዳትሉኝም። ዴንማርካዊው አማካይ ኤሪክሰን በሰኔ 2021 ልቡ ሜዳ ላይ ቆመበት፤ በደረቱ ውስጥ የልብ መሣሪያ ተቀበረለት። በጣሊያን ደንብ በዚያ መሣሪያ መጫወት አይፈቀድም። ታኅሣሥ ላይ ከኢንተር ጋር በስምምነት ተለያየ፣ ጥር ላይ ብሬንትፎርድ ወሰደው፣ በዓመቱ አጋማሽ ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። እሱ ፈርሞ የወጣው የሚሄድበት መንገድ ስላለው ነው። የኮምቦልቻው ልጅ ግን በክራንች ነው የሚሄደው።

*

ጋሼ፣ እኔ የአንድ ትንሽ ክለብ ኮሚቴ አባል ነኝ። እርስዎ ሁልጊዜ ለተጫዋች ያደላሉ። እኛ ከማዘጋጃ ቤት በምትመጣ ገንዘብ ነው የምንኖረው። የማይጫወት ሰው ስድስት ወር ስንከፍል ሌላውን በምን እንክፈል?
— ስሜ ይቆይ፣ ከደሴ

ወንድሜ፣ አዎ አደላለሁ። ሃያ ዓመት ያሸሁት የተጫዋች እግር እንጂ የኮሚቴ እግር አይደለም። ጥያቄዎ ግን እውነተኛ ስለሆነ በደንብ ልመልስ።

በእኔ ጊዜ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ገንዘቡ በፊርማ ጊዜ ጠቅለል ብሎ ይሰጥ ነበር። ልጁ ቢሰበር ኪሳራው ያኔውኑ ታውቆ ያበቃል። ወርኃዊ ደመወዙ እየከበደ ሲመጣ ነው ጣጣው የመጣው። በ2011 ክረምት ክለቦች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ወጪው አንገታቸው ላይ ስለደረሰ ነው። ችግራችሁ የእናንተ ብቻ አይደለም።

ግን መፍትሔው የልጁ አልጋ አጠገብ አይገኝም። የሚገኘው መስከረም ላይ፣ ከመፈረሙ በፊት ነው። የቡድን የአደጋ መድን ግቡ። ለ25 ተጫዋች የምትከፍሉት ዓረቦን ለአንድ ጉልበት ቀዶ ሕክምና ከምትበትኑት ጋር አስተያዩት። በውሉም ላይ ሕክምናውን ማን እንደሚችል፣ የት እንደሚታከም አስቀድማችሁ ጻፉ። ብዙ የአገራችን ውል እዚህ ጋ ዝም ይላል፤ ከዚያ ዝምታ ነው ጠቡ የሚወለደው።

ብሔራዊ ቡድን ሄዶ የሚጎዳ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ፊፋ ለክለቦች የሚከፍልበት መንገድ አለ። ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ ከ28 ቀን በላይ ለሚያስተኛ ጉዳት ክለቡን ይክሳል፣ በአንድ አደጋ እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ። እንዲህ ያለ ልጅ ካፈራችሁ እኔንም ጥሩኝ፣ ዶሮ ይዤ እመጣለሁ።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን ማሟሟቂያ ነው። «ፊፋ 11+» የሚባል አለ። 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሩጫ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ የጭን ማጠንከሪያ፣ ዘሎ በትክክል ማረፍ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ጉዳት እንደሚቀንስ ተፈትኖ የታየ ነገር ነው። ዕቃ አይፈልግም፣ ኳስና ሜዳ ይበቃዋል። እናንተ ሜዳ ስመጣ የማየው ግን ልጆቹ በጦሳ ተራራ ብርድ ቆመው ሲንቀጠቀጡ፣ ሁለት ዙር ሮጠው ቀጥታ ወደ ጎል ሲመቱ ነው። ያ ብርድ ጡንቻ ይበጥሳል እኮ!

*

ለአዲስ ክለብ ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ለጤና ምርመራ ላኩኝ። የድሮ የቁርጭምጭሚት ጉዳት አገኙና «ውሉ ቀርቷል» አሉኝ። ይችላሉ?
— ከሐርቡ

አይችሉም። የፊፋ ደንብ የውል መጽናት በጤና ምርመራ ውጤት ላይ እንዳይንጠለጠል ይከለክላል። ምርመራው ከፊርማ በፊት ነው መደረግ ያለበት። ኮፒህ በእጅህ ካለ ያዘው። ኮፒ አልሰጡህም ካልክ ግን ጎረምሳው፣ እኔም አንተን መቆጣቴ አይቀርም። ኮፒ ሳይዙ ከቢሮ መውጣት ምን ማለት ነው?

*

ልጄ ትናንት ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ጮኸ፤ ወዲያው አበጠ። ኩታበር ጎበዝ ወጌሻ አለ ይሉኛል። ልውሰደው?
— እናት፣ ከሐይቅ

እናቴ፣ አይውሰዱት። ይህን የምልዎ የወጌሻ ልጅ፣ ራሴም ወጌሻ ሆኜ ነው። ጉልበት ቋ ብሎ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ ብዙ ጊዜ ውስጡ ደም ፈስሷል፣ ጅማት ተነክቷል ማለት ነው። የተበጠሰ ጅማት በመታሸት አይቀጠልም፤ ይብስበታል። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ያድርጉለት፣ እግሩን ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት፣ አያስረግጡት፤ ከዚያ ሆስፒታል። አንድ ሰው በሸምበቆ ጥርቅም አድርጎ ላስረው ካለ ደግሞ እምቢ ይበሉ። ደም የታገደበት እግር ሲሞት አይቻለሁ። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ማንም ያሰረውን ይፍቱ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ። አባቴ ራሱ ጉልበት ሲመጣበት «ይህ የሐኪም ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ወለምታ ሲሆን ግን ኩታበር ድረስ መድከም አያስፈልግም፤ እኔ ደሴ አለሁ።

*

ይህን ጽፌ ልልክ ስል ስልኬ ጮኸ። የኮምቦልቻዋ እህት ናት። ከመጽሔቱ ቀድሜ መልሱን በስልክ ነግሬያት ስለነበር ወንድሟ አልፈረመም። ደብዳቤውን አስገብተዋል፣ ማኅተም ተመትቶላቸዋል። በአሥራ አንደኛው ቀን የጥር ደመወዝ ገብቷል። የየካቲት ገና ነው፣ አራት ቀን ይቀረዋል። የቡድን መሪውም ተመልሶ መጥቶ ነበር አለችኝ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ስለ እድሳት እንነጋገር አለ» አለችና ሳቀች። «ብርቱካን ግን አልያዘም።»